የዶክተር ኢርምጋርድ እርሳስና እኔ የፈታሁት ሲባጎ

ጡረታ ስወጣ የሸለሙኝ ብዕር ነው። ጥሩ ብዕር ነው፤ በሣጥን የገባ፣ ስሜ የተቀረጸበት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በቤተ መዛግብት በር ላይ ቆሜ ከሰው ኪስ ብዕር ስቀበል፣ «እዚህ ቤት በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው» እያልኩ ፕሮፌሰሩንም ተማሪውንም ሳስቀይም ለኖርኩት ሰው ብዕር! አመሰግናለሁ ብዬ ተቀበልኩ። አዲሶቹ ልጆች ምን ያድርጉ፣ እነሱ የሚሠሩት በኮምፒውተር ነው። አለቃዬ የነበሩት ዶክተር ኢርምጋርድ በሕይወት ቢኖሩ ግን ሣጥኑን ከፍተው ያዩና መልሰው ዘግተው፣ «ከሕንፃው ውጭ ይጠቀሙበት፣ አቶ ተሾመ» ይሉኝ ነበር።

ትውልዴ ሆሳዕና ነው። አገር ቤት ሳለሁ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ኩራቱን ያውቀዋል፤ ደብዳቤው በቁጥር፣ በቀን፣ በርዕስ ተለይቶ፣ ፋይሉ ቀጥ ብሎ ተደርድሮ። አለቃዬ «ፋይል አምጣ» ብሎ ሳይጨርስ ነበር ጠረጴዛው ላይ የማስቀምጥለት። ጆሃንስበርግ ስመጣ ያ ሁሉ ሙያ ገደል ገባ። ጀርሚስተን፣ ታክሲ መናኸሪያው አጠገብ ብርድ ልብስና አንሶላ እየሸጥኩ አምስት ዓመት ቆየሁ። ዙሉ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ደንበኛን በቋንቋው ካላናገሩት ብርድ ልብሱን ዳስሶ ዳስሶ ይሄዳል።

አንድ ቀን ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ ያሳጠሩ ነጭ ሴትዮ መጥተው ግራጫ አንሶላ አነሱና «ቀለም ይለቃል?» አሉኝ። አውራ ጣቴን በምራቄ አርጥቤ አሸሁና ነጭ ጨርቅ ላይ ተጫንኩት። ለቀቀ። «ይለቃል፣ አይግዙት» አልኩ። ጎረቤቴ ነጋዴው እንደ እብድ አየኝ። ሴትዮዋ ግን አውራ ጣቴን አስገልብጠው ካዩ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ምን ሠርቼ እንደማውቅ ጠየቁኝ። አንሶላውን የፈለጉት ለሰው አልጋ ሳይሆን የስድስት መቶ ዓመት ብራና ለመጠቅለል እንደነበር የሰማሁት በሳምንቱ እሳቸው ዘንድ፣ ዶክተር ኢርምጋርድ ዘንድ፣ ሥራ ስገባ ነው። ደመወዙ ከንግዱ ያነሰ ነበር፤ ጣሪያ ግን ነበረው።

ቤቱ ቤሪያ በሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር ዳገት ላይ ካለ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ድሮ ከጀርመን የመጡ ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት ማኅበር ወረቀቱንና ከአገሩ ያመጣውን ጥቂት የጥንት ብራና የሚያስቀምጥበት ቤት ነበር። ዶክተር ኢርምጋርድ ኃላፊውም ተመራማሪውም እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ከመጣሁ በኋላ ሁለት ሆንን። በእንግሊዝኛ ሲያወሩኝ እንኳ አንቱታቸው ይሰማኝ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ «አቶ ተሾመ» እንዳሉኝ ነው።

ልማዳቸውን ብዘረዝር አያልቅም። ጠዋት ሲገቡ ሦስት እርሳስ ይቀርጻሉ። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው እስኪደርቅ ቆመው ይጠብቃሉ። ጓንት አይወዱም፤ «ጓንት ጣትን ያደነቁራል» ይላሉ። ብራና ስትነካ የጠጉሩን ወገንና የሥጋውን ወገን ዓይንህን ጨፍነህ መለየት አለብህ፤ እኔን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አራት ሰዓት ላይ ደጅ ወጥተው ደረጃው ላይ አንድ ፖም በቢላ ቆርጠው ይበላሉ፤ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ አይገባም። «በእርግጠኝነት» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። በየስድስት ወሩ የስደተኛ ወረቀቴን ሳሳድስ ፈቃድ ይሰጡኝና፣ ስመለስ ማኅተሙን በአጉሊ መነጽር አይተው «ጥራት የለውም፤ መቶ ዓመት አይቆይም» ይላሉ። እኔ ስድስት ወሩን እንዲያቆየኝ ነበር የምጸልየው።

አንድ ደብተር ነበራቸው። በቤቱ ውስጥ በቀለም የሚጻፍበት ብቸኛው ነገር እሱ ነው። ሦስት ረድፍ አለው፦ ምን አጠፋሁ፣ ማንን ጎዳሁ፣ እንዴት ጠገንኩት። «ስህተት በእርሳስ ከተጻፈ ሰው ማጥፋት ያምረዋል» ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ስህተት ራሳቸው ነገሩኝ፤ የሕይወታቸው ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ወጣት ሳሉ በሰሜን ጀርመን ያለ የአንድ ገዳም ሰነዶችን አጠኑ። መነኮሳይያቱ አንድ መስፍን ጫካና ወፍጮ እንደሰጣቸው የሚናገር ብራና ነበራቸው። ዶክተር ኢርምጋርድ ማኅተሙን፣ የእጅ ጽሑፉን፣ የቀለሙን ዓይነት መርምረው «እውነተኛ ነው» ብለው ወፍራም መጽሐፍ ጻፉ። ዶክተር የተባሉት በዚያ ነው፤ ሥራም የያዙት በዚያ ነው። በኋላ ባላቸው የማዕድን መሐንዲስ ስለነበሩ ለሦስት ዓመት ብለው አብረዋቸው ጆሃንስበርግ መጡ፤ ባልየው እዚሁ ሞቱ፤ እሳቸውም ቀሩ። ግን በየዓመት ፈቃዳቸው ወደዚያ ገዳም ብራና ይመለሱ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ብራናዎቹን በጥንቱ ሣጥናቸው ውስጥ እንደነበሩት አድርገው ሲደራርቡ አንድ ነገር አዩ። ብል ከላይ ያለውን ብራና በስቶታል። ከታች ያለውንም እዚያው ቦታ ላይ በስቶታል። መሃል ላይ ያለውን የመስፍኑን ብራና ግን አልነካውም። መቼም ብሉ መሃል ላይ ሲደርስ ጾም አልያዘም! ያ ብራና በዚያን ጊዜ እዚያ አልነበረም፤ በኋላ ተጽፎ የገባ ነው። ዶክተር ኢርምጋርድ ይህን ጽፈው በስማቸው አወጡት። የገዛ መጽሐፋቸውን በገዛ እጃቸው ጣሉት ማለት ነው። የድሮ ባልደረቦቻቸው ሰላምታ ነፈጓቸው። ይህን ሲነግሩኝ ስለ ነገ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበሩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ ተምሬ፣ ነው እኔ ያን ያደረግኩት።

በሦስተኛው ዓመቴ እሳቸው ለሁለት ወር ጀርመን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ የሚሲዮን ጣቢያ ወረቀት በቆርቆሮ ሣጥን መጥቶልን ነበር። ጣቢያው ወደ ናታል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ መሬቱን ማኅበሩ ድሮ ለአንድ ገበሬ ሸጦታል። የጣቢያው ፓስተር ፋይል የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። የመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ፣ የጀርመንኛውንም የዙሉውንም፣ በወስፌ እየበሱ አንድ ረጅም ሲባጎ ላይ ይሰኩታል። ሣጥኑን ስከፍት የማየው ያንን ነው፤ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ የጥምቀት ወረቀት፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ተሰክቶ። የመዝገብ ቤት ደሜ ፈላ። እሳቸው ሳይመለሱ አስተካክዬ ላስደንቃቸው አልኩ።

ሲባጎውን ቆረጥኩት። ጀርመንኛውን ለብቻ፣ ዙሉውን ለብቻ። ከዚያ በቀን። ቀን የሌላቸውን ደግሞ «ቀን የሌላቸው» ብዬ በንጹሕ ሣጥን። የጀርመኑ ዋና ቤት ጀርመንኛ ወረቀት ካለ ላኩልን ብሎ ጽፎ ነበርና እሱንም አሽጌ ላክሁ። ሲባጎውን ጣልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ አምሮ የሠራሁት ሥራ የለም።

ሲመለሱ ሣጥኖቹን አዩ። አልጮኹም። «ሲባጎው የት አለ?» አሉ። ጣልኩት አልኩ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አቶ ተሾመ፣ ቀን የሌለው ወረቀት ቀኑ ጎረቤቶቹ ናቸው» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ፓስተሩ ወረቀቱን በመጣበት ተራ ነበር የሚሰኩት። ሲባጎው ራሱ መዝገብ ነበር፤ እኔ ቆረጥኩት። ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ስሜን የጻፉ መስሎኝ ነበር። «ለሠራተኛዬ ሳላስረዳ ሄድኩ» ይላል፤ የራሳቸው ስህተት አድርገው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ረድፍ ባዶ ተዉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጀርመን ጻፉ። መልሱ «ሣጥኖቹ መጋዘን ገብተዋል፣ ሕንፃ እየቀየርን ነው፣ ይጠብቁ» የሚል ነበር። ጠበቅን። በየዓመቱ ጻፉ፤ በየዓመቱ ጠብቁ ተባልን። እኔም ቀስ በቀስ ረሳሁት።

ያስታወሰኝ ማርቆስ ነው። ማርቆስ የአገሬ ልጅ ነው፤ አሌክሳንድራ የሚባል የከተማው ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለው። ሥራዬን ሲቀልድበት «የአሮጌ ወረቀት ዘበኛ» ይለኝ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደውሎ፣ «አንተ፣ በመጨረሻ ሰው ፈለገህ! ጎጎ ታንዲ የሚባሉ ደንበኛዬ አሉ፤ ዳቦም የስልክ ካርድም ከእኔ ነው የሚገዙት፤ የአባታቸውን ወረቀት ይፈልጋሉ» አለኝ። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ ጎጎ ይባላል።

ጎጎ ታንዲ ከልጃቸው ከዚንሌ ጋር መጡ። ከዘራቸውን በር ላይ አስቀመጡና፣ ጉዳያቸውን ቆመው ተናገሩ። እናታቸው የተቀበሩት በዚያ ጣቢያ ነው። እሳቸውም ሲሞቱ እናታቸው አጠገብ መቀበር ይፈልጋሉ። ሌላ ምንም አይፈልጉም፤ መሬትም፣ ካሳም። የእርሻው ባለቤት ግን «መሬቱ ከመሸጡ በፊት እዚያ የኖረ ቤተሰብ መቅበር ይችላል፤ በኋላ ለጉልበት ሥራ የመጣ አይችልም። ከቤተ መዛግብቱ ማስረጃ አምጡ» ብሏቸዋል።

የአባታቸውን ስም ጠየቅኳቸው። ዮናስ አሉኝ። በአሥር ደቂቃ አገኘሁት! እንዴት እንደኮራሁ። መዳፍ የማይሞላ ቁራጭ ወረቀት፣ በዙሉ የተጻፈ፦ ይህን የያዘው ዮናስ ከወንዙ ማዶ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር የሚኖር የእኛ ሰው ነው። የፓስተሩ ፊርማ አለበት። ጎጎ ታንዲ «ሴት ልጁ እኔ ነኝ» ብለው ወረቀቱን ሊስሙት ጎነበሱ። ዶክተር ኢርምጋርድ በዚያን ጊዜ ሰማንያ አልፏቸው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነበር የሚመጡት። መጥተው ወረቀቱን ገለበጡት። ቀን የለውም። ፓስተሩ መሬቱ ከተሸጠም በኋላ ብዙ ዓመት እዚያው ስለቆዩ ፊርማቸው ብቻውን ምንም አይናገርም። ወደ እኔ ዞሩ። «ከየትኛው ቀጥሎ ነበር የተሰካው?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ። ሲባጎውን እንደቆረጥኩት ለጎጎ በዙሉ ነገርኳቸው።

ጎጎ ታንዲ ነገሩ ሲገባቸው አልተቆጡም። «አንተ ነህ የፈታኸው?» አሉኝ። «አዎ ጎጎ።» «እንግዲያው ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ከሽያጩ በፊት ካሉት መሃል ነበር ብለህ ጻፍልኝ። የአንተን ቃል ማን ይክዳል?» እውነታቸውን ነው፤ ማንም አይክድም። እኔ ግን ትዝ አይለኝም። ሺህ ወረቀት በአንድ ሳምንት ያለፈ እጅ ምን ያስታውሳል?

ጻፍኩት። አልዋሽም፣ ጻፍኩት። ሲባጎውን ስፈታ ወረቀቱ ከሽያጩ በፊት ከነበሩት መካከል እንደነበር አስታውሳለሁ ብዬ፣ አሳምሬ። ማኅተሙ ያለው ዶክተር ኢርምጋርድ ዘንድ ነው። አነበቡት። «ያስታውሳሉ?» አሉኝ። «ሴትዮዋ አይዋሹም፤ እዚያ ነው ያደጉት» አልኩ።

«እኔም አምናቸዋለሁ» አሉ። «ጫካውና ወፍጮውም የመነኮሳይያቱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ወረቀታቸው ጠፋባቸው መሰለኝ፤ ሌላ ጻፉ። አሁን የዚያን ገዳም እውነተኛውንም ብራና የሚያምን ሰው የለም። እርስዎ ይህን ከላኩ፣ ነገ ሌላ ጎጎ እውነተኛ ወረቀት ይዛ ስትሄድ ገበሬው ምን ይላታል?»

ልቀደው እጄን ዘረጋሁ። ከለከሉኝ። «እኛ ወረቀት አንቀድም» ብለው «ያልተላከ» የሚል ጽፈውበት ፋይል ውስጥ አስገቡት። እስካሁን አለ፤ የፈለገ መጥቶ ማየት ይችላል።

የተላከው ደብዳቤ ሌላ ነው። «ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ጊዜው አይታወቅም፤ የማይታወቀውም እኔ ተሾመ ተራውን ስላበላሸሁ ነው» ይላል። ገበሬው በጨዋ ቋንቋ አይሆንም ብሎ መለሰ። መልሱን አሌክሳንድራ ድረስ ወስጄ የሰጠኋቸው ራሴ ነኝ። ጎጎ ታንዲ አጥፈው ጡታቸው ሥር አስገቡት። «እንግዲህ ፈልግ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱ ዶክተር ኢርምጋርድ ከደብተራቸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ የጎጎ ታንዲን ስም ጻፉ። ማንን ጎዳሁ ለሚለው።

ወረቀቱ ላይ ሦስት የብል ቀዳዳ ነበረ፤ ሁለቱ ክብ፣ አንዱ ረዘም ያለ። እኛ ዘንድ ከቀሩት የዙሉ ወረቀቶች ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት። አንዳቸውም አልገጠሙም። ጎረቤቶቹ ጀርመንኛ ነበሩ ማለት ነው፤ እነሱ ደግሞ ጀርመን መጋዘን ውስጥ ናቸው። ያሸግኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም በጥሩ ገመድ።

ማርቆስ በደወለ ቁጥር «ጎጎ ጠየቁህ» ይለኛል። ሱቁ መሄድ አቆምኩ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በሐምሌ፣ ደውሎ «ጎጎ አረፉ» አለኝ። የተቀበሩት እዚሁ ከተማው መቃብር፣ ረድፍና ቁጥር ባለው ቦታ ነው። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ። ዚንሌ አየችኝ፤ ሰላም አላለችኝም። እኔም ብሆን አልልም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ዶክተር ኢርምጋርድም ሞቱ። መጽሐፎቻቸው ወደ ጀርመን ሄዱ፤ ደብተሩን ለእኔ ትተውት ነበር።

አምና ሣጥኖቹ መጡ። የጀርመኑ ቤት ቦታ ጠቦት ሁሉንም መለሰልን። ገመዱ የእኔ ቋጠሮ ነበር፤ ማንም አልከፈተውም። ቁራጯን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ መብራቱን ከጎን አብርቼ፣ ጀርመንኛውን በየተራ አጠገቧ ማስቀመጥ ጀመርኩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አንድ የመስኮት መስታወት ደረሰኝ አመጣሁ። ሁለት ክብ፣ አንድ ረዘም ያለ። በማግስቱ ስለ ደወል የተጻፈ ደብዳቤ፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያው ሦስቱ፣ ትንሽ ጠበብ ብለው። የወስፌው ቀዳዳም ገጠመ። ሁለቱም ቀን አላቸው። ሁለቱም ከሽያጩ አራት ዓመት ይቀድማሉ። ጎጎ ታንዲ እውነታቸውን ነበር።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ከወረቀቱ ራቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

አዲስ ደብዳቤ ጻፍን፤ የቀዳዳዎቹን ፎቶግራፍ አያይዘን። እርሻው አሁን በገበሬው ልጅ እጅ ነው። «ቦታ አለ፤ ይምጡ» አለ። ይህን ይዤ ወደ ዚንሌ ሄድኩ። ወንበር እስክትሰጠኝ ቆሜ ነበር። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ባባ፣ አስከሬን ማውጣት አንችልም፤ አቅሙም የለንም፣ ማወክም አልፈልግም። ግን መንፈሷን እንወስዳለን» አለችኝ።

ወጉን ጀርሚስተን ሳለሁ ሰምቼው ነበር። ከቁርቁራ ጋር የሚዛመድ እሾሃም ዛፍ አላቸው። ቅርንጫፉን ይዘው ሟች ካለበት ሄደው ይነግሩታል፤ «ተነስ፣ ወደ ቤት እየወሰድንህ ነው» ይላሉ። ከዚያ ሟቹ ከቅርንጫፉ ጋር ይጓዛል። መንገድ ላይ ወንዝ ሲሻገሩ፣ መገንጠያ ሲደርሱ፣ እንዳይጠፋ ይነገረዋል። ቅርንጫፉን የያዘው ሰው ከሟቹ በቀር ማንንም አያናግርም። ታክሲ ውስጥም ለሟቹ ወንበር ይከፈላል።

ብዕሩን የሸለሙኝ ዓርብ ዕለት ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ እንዴት ጠገንኩት የሚለው፣ ባዶ ነው። ብዕሩን ከፍቼ ያዝኩ። አሮጊቷ ሞተው ካረፉ በኋላ የመጣ ደብዳቤ ጥገና ይባላል? አላውቅም። መልሼ ከደንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ዚንሌ መቃብሩን አናግራ ስትመጣ መናኸሪያው ላይ ተገናኘን። የሦስት ሰው ከፈልን፤ የእሷ፣ የእኔ፣ የጎጎ። ሾፌሩ ቅርንጫፉን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሬዲዮውንም ዘጋ። ቅርንጫፉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሃላችን ተቀመጠ። ጨርቁን በልማድ በጣቴ አየሁት፤ ቀለም አይለቅም። ከከተማው ስንወጣ «ማ፣ ከጆሃንስበርግ እየወጣን ነው» አለችው። ድልድይ ስንደርስ «ማ፣ ወንዙን እየተሻገርን ነው» አለችው። ለእኔ አንድ ቃል አላለችኝም፤ ወጉ ነው።

ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ጣቢያው ስንገነጠል ወደ ቅርንጫፉ ጎንበስ አለች። በዙሉ፣ ቀስ ብላ፣ «ማ፣ ወደ እናትሽ እየገባን ነው። አጠገብሽ ያለው ያ ወረቀታችንን የበታተነው ሰውዬ ነው። ለቅሞ መልሶታል» አለቻት።

መልስ መስጠት አይፈቀድልኝም። ጉልበቴን ሰብስቤ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ፣ ለጎጎ ቦታ አሰፋሁላቸው።